በሎሚ የተሰበሰበ ክር

ባለፈው ሰኔ የወንድሜ ልጅ ሐያት ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መርሳ መጥታ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ፣ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «አክስቴ ነይ እዪ» አለችኝ። መነጽሬን ፈልጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጥቁር መደብ ላይ አንድ ረጅም ክር ይንቀጠቀጣል። አንዳንድ ቦታ ዞሮ የራሱን ገላ ያቅፋል፤ አንዳንድ ቦታ ልቅ ሆኖ ይወዛወዛል። በሕይወት ባለ ነገር ሁሉ ሕዋስ ውስጥ የሚገኘው የአር ኤን ኤ ክር ሞዴል ነው አለችኝ። ቀጥላም ከሥሩ ያለችውን ቁልፍ በጣቷ እየገፋች «አሁን ደግሞ አሲዱን ልጨምርበት» አለች። ክሩ ደነገጠ ልበል? ልቅ የነበረው ተጠጋጋ፣ ጠብቆ የነበረ አንድ ቋጠሮ ተፈታ፣ ከታች ሌላ ተቋጠረ። ሐያት ፊቴን ቀና ብላ አየችው። ተማሪ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ትናንት ያወቀውን ነገር ዓለም ገና ያልሰማው ይመስለዋል። እኔም እንዲያ ነበርኩ።

«እኔ ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ» አልኳት።

ሳቀችብኝ። በዓይን አይታይም አለች፣ እንደ አንድ ያልተማረች አሮጊት በትዕግሥት እያስረዳችኝ። ልክ ናት። አንዱ ክር ለብቻው በምንም ዓይን አይታይም። እኔ ያየሁት ግን ቁጥር የሌለውን ክር በአንድ ላይ ነው፤ ከመርሳ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ውርጌሳ፣ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ፣ ከአባቴ ዛፍ በተቀጠፈ ሎሚ። ያን ቀን ከነገርኳት በኋላ አልሳቀችም።

ጊዜው የደርግ ማብቂያ አካባቢ ነው። ጦርነቱ ከሰሜን እየገፋ ወደ እኛ ቀርቦ ነበር። እኔ ሃያ ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ፣ መርሳ በነበረ አንድ ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ጠባቂ ሆኜ ተቀጥሬአለሁ። ላብራቶሪ ስላችሁ ብዙ እንዳታስቡ። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ መደርደሪያ፣ በጠርሙስ የተቀመጠ እንቁራሪት፣ ሲያሰኘው ብቻ ውሃ የሚሰጥ አንድ ቧንቧ። ቁልፉ ግን በአንገቴ ላይ ነበር፤ ያ ቁልፍ ደግሞ ያኮራኝ ነበር።

የባዮሎጂ መምህሩ ወንድይፍራው ይባላሉ። ቀጭን፣ ጠጉራቸው ያለ ጊዜው የሸበተ፣ በዚያ በመርሳ ሙቀት ሹራብ የማያወልቁ ሰው ነበሩ። አገራቸው አዲስ አበባ ነው። በወጣትነታቸው እዚያ ትልቅ ላብራቶሪ ውስጥ ሲሠሩ፣ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ ባለሙያ አንዲት ቡናማ ብልቃጥ ትቶላቸው ሄደ። በውስጧ ገለባ የመሰለ ዱቄት አለ። ከእርሾ የወጣ አር ኤን ኤ ነው። መምህር ከአውራጃ አውራጃ ሲዛወሩ ያቺን ብልቃጥ እንደ እንቁላል ይዘዋት ዞረዋል፤ አሥራ አንድ ዓመት። ለሚገባው ክፍል አሳያለሁ እያሉ። በየዓመቱ ግን አንድ ነገር ይጎድላል፤ ወይ ክፍሉ፣ ወይ ሰላሙ።

ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ እኔን ብቻዬን ያስተምሩኝ ነበር። አከራያቸው ጥጥ ይፈትሉ ስለነበር፣ መምህር ከእሳቸው ልቃቂት ላይ አንድ ክንድ ክር ቆርጠው ያመጣሉ። ከመጠን በላይ የከረረ ክር ታውቁ የለ? ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ስታላሉት በራሱ ላይ ይጠመዘዛል። አር ኤን ኤም እንዲሁ ነው ይሉኛል። ክሩ ላይ አራት ፊደል ተሰክቷል፣ አንዳንዱ ፊደል ከአንዳንዱ ጋር እጅ ለእጅ ይያያዛል፣ በዚያ ምክንያት ክሩ ይተጣጠፋል፤ ግን ጸጥ ብሎ አይቀመጥም፣ ይፈታል፣ እንደገና ይያያዛል። ውሃው ሲኮመጥጥስ? ያን ጊዜ ቅንጣት ሃይድሮጂን ፊደሎቹ ላይ ይቀመጣል። እጅ የማይሰጣጡ የነበሩት ይጨባበጣሉ፤ ተጨባብጠው የነበሩት ይላቀቃሉ።

«ክሩ ያው ክር ነው፣ መዲና» አሉኝ አንድ ቀን። «ፊደሉም አልተለወጠም። የገባበት ውሃ ግን ቅርጹን ለወጠው። ቅርጹ ሲለወጥ ደግሞ ሥራው ይለወጣል።»

ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩበትን መንገድ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። የእኛ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከመስኖው ቦይ አጠገብ ነው። አባቴ እንድሪስ ሎሚና ብርቱካን ያለማል። በየዕለቱ በመካከላቸው የማልፋቸው ዛፎች ያን ቀን ሌላ ሆኑብኝ። በየቅጠሉ ውስጥ፣ በእኔም ክንድ ውስጥ፣ ማንም ሳያዘው ይህ ሁሉ ክር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። አንዱን ቅጠል ይዤ ብዙ ቆምኩ። እናቴ ከሩቅ አይታኝ ዛፉን ተባይ የበላው መስሏት ደንግጣ መጣች።

ኅዳር ገባ፤ ማሽላው መቅላት ጀመረ። ወልድያ ልትያዝ ነው የሚል ወሬ በየገበያው ይወራል። ከወደ ሰሜን የሚሰማውን ጉርምርምታ መጀመሪያ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ነው ብለነው ነበር። ከስልሳ ተማሪ አሥራ ሰባት ቀሩ፤ ሌላው ወይ ለውትድርና ተወስዷል፣ ወይ ዘመድ ጋ ሸሽቷል። መምህር ይህም ሳይበተን ላሳያቸው ብለው ቆረጡ። ዓርብ ዕለት፣ ሰኞ ስለሚያስፈልገን አንድ ጠርሙስ አጥርተሽ እጠቢልኝ አሉኝ።

እንግዲህ ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ቧንቧው ከደረቀ አራተኛ ቀኑ ነው። ሳሙና በዚያ ሰሞን በዓይን አይታይም። እኔ ግን ባለሙያ ልጅ ነኝ። እናቴ አመድ ያላየው ዕቃ አልታጠበም እያለች ያሳደገችኝ ልጅ! ከቤት የግራር አመድ በጨርቅ ቋጥሬ አመጣሁ። በጥቂት ውሃ ለውሼ፣ እንጨት ላይ ጨርቅ ጠምጥሜ፣ የጠርሙሱን ሆድ እስኪያብረቀርቅ ፈተግኩት። ከዚያ ባለችኝ አንዲት ኩባያ ውሃ አለቅልቄ አስቀመጥኩ። መምህር ሲመሽ መጥተው የዱቄቱን እኩሌታ ጨመሩበት፣ ከቤታቸው ይዘው የመጡትን ውሃ ሞሉበት፣ ከድነው መደርደሪያው ላይ አኖሩት። ዱቄቱ ቀስ ብሎ እንዲሟሟ ነው። ቅዳሜና እሑድ የመርሳ ፀሐይ ያን ክፍል እንደ ምድጃ አጋለው።

ሰኞ ጠዋት መምህር ሹራባቸውን አውልቀው መጡ። ሲያወልቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አሥራ ሰባቱን ልጆች ጠረጴዛው ዙሪያ አቆሙና፣ በንጹህ ውሃ ውስጥ ክሮቹ እርስ በርስ እንደሚገፋፉ፣ አሲድ ግን ግፊያቸውን እንደሚያበርደው፣ ያን ጊዜ ተጣጥፈው ተሰብስበው ነጭ ደመና እንደሚሆኑ ነገሯቸው። ከዚያ የአባቴን ሎሚ ጨመቁበት። ጠርሙሱ ቺስ ብሎ አረፋ ደፈቀ። ልጆቹ በደስታ ጮሁ። መምህር አልጮሁም። አረፋው ሲበርድ ውሃው እንደነበረ ጥርት ብሎ ቀረ። ሌላ ሎሚ፣ ሌላም ሎሚ ጨመቁ። ምንም የለም።

«ይቅርታ አድርጉልኝ ልጆች» አሉ በመጨረሻ። «ሙቀት ገድሎታል። አሥራ አንድ ዓመት የሞተ ነገር ተሸክሜ ኖሬአለሁ ማለት ነው።»

ሹራባቸውን መልሰው ለበሱ። ሲወጡም ብልቃጧን፣ ከነቀሪው ዱቄት፣ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣሏት። ድምፅዋ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። እኔ ምክንያቱን ሳላውቀው አወጣኋት፣ በቀሚሴ ጠርጌም መደርደሪያው ላይ ከእንቁራሪቱ ኋላ አስቀመጥኳት። አረፋው ነገር ግን በሆዴ ቀረ። ስለ አረፋ አልነገሩንም ነበር።

ሐሙስ ማለዳ ከሌላ አገር የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ በጭነት መኪና ወደ ደሴ ይሂዱ የሚል ትዕዛዝ መጣ። መምህር በአንዲት ሻንጣ ወጡ። ስንሰነባበት ቁልፉን ጠብቂ ብቻ ብለውኝ እጄን ጨበጡኝ። ዓይናቸው ዓይኔን አላየም። ያን ሰው ሳውቀው ስለ ሕዋስ ሲያወራ ጠላ እንደጠጣ ሰው የሚሞቀው ነበር፤ አሁን የተሰናበተኝ ሌላ ሰው ነው።

ቤት ስመለስ አባቴ እየሳለ ነበር፤ እናቴ ሎሚ በማር በጥብጪለት አለችኝ። ጠዋት በአመድ የፈተግኩትን፣ በቅጡ ያላለቀለቅኩትን የቆርቆሮ ኩባያ አንስቼ ሎሚውን ጨመቅኩበት። ቺስ አለ። ያው ድምፅ! እጄ ላይ ያለው ሎሚ ወደቀ። ቀምሼ አየሁት፤ ኮምጣጣነቱ ጠፍቷል። አመድ የአሲድ ባላንጣ መሆኑን መምህር ራሳቸው አስተምረውኛል፤ ጠንከር ካለና ከቆየ አር ኤን ኤን እንደ መቀስ እንደሚከታትፈውም ነግረውኛል። ሰምቼዋለሁ፣ ጽፌዋለሁ፣ ከእናቴ አመድ ጋር ግን አንድ ነገር ነው ብዬ አላሰብኩም። ያን ሁሉ ዓመት የተጠበቀ ክር ሁለት ቀን ሙሉ መቀስ ውስጥ አሳድሬዋለሁ። ሙቀት አልገደለውም። የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ግን እኩሌታውን ብቻ፤ ሌላው እኩሌታ ብልቃጧ ውስጥ አለ።

አልቅሼ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ስለ ክሩ ብዙም አልገባውም። አንዱ ነገር ግን ገባው።

«ሰውየው በዕቃው ላይ ያለውን እምነት ጥሎ ሄደ» አለኝ። «ጥፋቱ ያንቺ ነው፤ እሱ ግን አያውቅም። እንዲያ ነው?»

«አዎ አባዬ።»

«እንግዲያው የሰው ሐቅ ይዘሽ አትቀመጪም። ተነሽ።»

እናቴ መንገዱ በወታደር ተሞልቷል፣ ልጄን የት ልትወስድብኝ ነው ብላ ጮኸች። አባቴ ሽርጡን አጥብቆ፣ ዱላውን አንስቶ፣ ሰባት ሎሚ ቀጠፈ። እኔ ትምህርት ቤት ሮጬ ብልቃጧን አመጣሁ። መኪኖቹ ውርጌሳ ላይ ቆመዋል የሚል ወሬ ሰምተን ነበርና በእግራችን ወደዚያ ተነሳን።

መንገዱን ሳስበው መጀመሪያ የሚመጣብኝ የጥንቅሽ ጣዕም ነው። አባቴ ከአንዱ ማሳ ዳር ባለቤቱን አስፈቅዶ ሁለት አገዳ ቆረጠና እያላመጥን ሄድን። ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ቀይ ማሽላ በግራና በቀኝ፣ ማማ ላይ ወፍ የሚጠብቁ ልጆች ወንጭፍ፣ በመሃል ደግሞ አቧራ ለብሰው የሚወርዱ ወታደሮች። አንዳንዶቹ ጫማ የላቸውም። ኬላው ላይ አንዱ ወታደር ብልቃጧን ተቀብሎ ከፈተና አሸተተ። ምንድን ነው ሲለኝ ከእርሾ የወጣ ክር ነው አልኩት፤ እውነቱን ነው የተናገርኩት፤ እሱ ግን ያሾፍኩበት መስሎት ፊቱ ተለወጠ። አባቴ ቀደም ብሎ፣ የልጆች አስተማሪ የረሳው መድኃኒት ነው ወንድሜ፣ አማና ነው፣ አደራ አለው። ወታደሩ መለሰልኝና ከሎሚያችን አንዱን አነሳ። ቆሜ ሳየው ከነልጣጩ ገመጠው።

ውርጌሳ ስንደርስ ሠራተኞቹን የጫኑት ኤንትሬ መኪኖች በመንገዱ ዳር ተደርድረው ቆመዋል፤ የጦሩ መኪና እስኪያልፍ ነው። መምህር አንዲት ሻይ ቤት ደጃፍ፣ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል። አባቴን ሲያዩ ተነሱ። እኔ ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው፤ ቧንቧውን፣ አመዱን፣ ኩባያውን፣ ድምፁን።

«በአመድ?» አሉኝ።

«በአመድ። ውሃ አልነበረም፣ መምህር። እርስዎ አልተሳሳቱም። እኔ ነኝ።»

ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ መሃል ላይ እንባ ሆነ፤ በሹራባቸው እጅጌ ጠረጉት። ከዚያ አስተማሪዬ እኔን፣ የላብራቶሪ ጠባቂዋን፣ እንደ ተማሪ ጠየቁኝ፦ «አልሞተም ማለት ነው?»

«እንየው» አልኩና ብልቃጧን ሰጠኋቸው።

መምህር የሻይ ቤቷን ባለቤት ብርጭቆ ለመኗትና በምን እንደሚታጠብ ጠየቋት። ሳሙና ከጠፋ ወዲህ በፈላ ውሃ ነው አለች፤ ሰውየው የተጠየፏት መስሏት ትንሽ ቅር ብሏታል። መምህር ከዱቄቱ በማንኪያ ጫፍ ጨመሩበት፣ ለብ ያለ ውሃ ጨመሩበት፣ ማማሰል ጀመሩ። እንዲህ ያለ ረጅም ማማሰል አይቼ አላውቅም። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ክላክስ ነፋ። ውሃው ወደ ገለባ ቀለም የሚወስድ ግን ጥርት ያለ ሆነ። እኔ ሎሚውን በነጠላዬ ጫፍ አጠለልኩት።

የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትገባ አንዲት ነጭ ጭረት ታይታ ጠፋች። ሁለተኛዋም እንዲያው። አረፋ የለም። ከዚያ፣ በስንተኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ብርጭቆው በአንድ ጊዜ ነጣ። ከላይ እስከ ታች! በመሃሉ ምንም ያልነበረበት ውሃ በደመና ተሞላ፤ ደመናው ደግሞ እያየነው እየተሰበሰበ፣ እየተንሳፈፈ፣ እየወፈረ ሄደ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ወተት ነው እንዴ ብላ ጠየቀች። ከመኪናው ላይ ሰዎች ወረዱ። መምህር ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አነሱት። በእያንዳንዷ ፍንጣሪ ውስጥ የዓለም ሕዝብ ተቆጥሮ የማይደርስበት ክር አለ፣ እያንዳንዱም አሁን ዓይናችን እያየ አኳኋኑን ለወጠ አሉ። አባቴ በለሆሳስ «ሱብሃነላህ» ሲል ሰማሁት።

ይበቃል ስል መምህር ወደ ምድጃው ሄዱ። አመድ በውሃ በጥብጠው፣ አጥልለው መጡ። ደነገጥኩ። ጠብ አደረጉበት፤ ትንሽ አረፋ፣ እንደገና ጠብ፣ እንደገና። ደመናው ከዳር ጀምሮ ሳሳ፣ ተበተነ፣ ጠፋ። ብርጭቆው እንደ መጀመሪያው ጠራ። ከዚያ ሎሚ፤ ተመልሶ ነጣ። ሦስት ጊዜ አደረጉት። በሦስተኛው ላይ ከሰሜን በኩል ያ ጉርምርምታ ተሰማ፤ ከቆመው ሰው አንድም ቀና ያለ አልነበረም።

«አየሽ፣ አመዱም ጠላት አይደለም» አሉኝ። «መጠኑና የቆየበት ጊዜ ነው። ከቆየ ይቆርጠዋል፤ ካልቆየ ይፈታዋል።»

መኪናው ተነሳ። መምህር ብልቃጧን እጄ ላይ አድርገው ጣቶቼን አጠፉልኝ። «ያንቺ ነው። አስተማሪ ሁኚና በየዓመቱ አሳዪ። ሎሚውን ሳትጨምቂ ግን መጀመሪያ ስለ አመዱ ንገሪያቸው።» ተሰቅለው ሄዱ። መኪናው ወደ ውጫሌ በሚወስደው ዳገት እስኪታጠፍ ድረስ ሹራባቸው ይታየኝ ነበር። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ደሴም አዲስ አበባም ላይ ጠየቅኩ፤ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ስንመለስ አባቴ ጥቂት ቀድሞኝ ይሄድ ነበር። ከዚያ ቆም አለና ጠየቀኝ።

«ይሄ ክር እኔም ውስጥ አለ?»

«አለ አባዬ።»

«ሎሚዋም ውስጥ?»

«አለ።»

ደጃችን ስንደርስ ወደ ቤት ሳይገባ ወደ ዛፎቹ ሄደ።

አስተማሪ ሆንኩ። መርሳም ወልድያም አስተማርኩ። በየዓመቱ በማንኪያ ጫፍ፣ ከዚያ በቢላ ጫፍ፣ እየቆጠብኩ አሳየሁ፤ ሁልጊዜም ጥፋቴን አስቀድሜ ነገርኩ። ልጆቹ ከሁሉ የሚወዱት እሱን ነበር፤ አስተማሪ ያጠፋበትን ታሪክ የማይወድ ልጅ የለም። ዱቄቱ ጡረታ ከመውጣቴ ብዙ ቀድሞ አለቀ። ባዶዋን ብልቃጥ አስቀምጫት ነበር፤ ኋላ ሌላ ጦርነት በዚያው መንገድ መጥቶ ቤታችን ሲበረበር እሷም ከሌላው ዕቃ ጋር ጠፋች። ስለዚህ ለሐያት የማሳያት አንድም ነገር የለኝም። የእሷ ሞዴል ከእኔ ብርጭቆ የበለጠ እንደሚያውቅም አውቃለሁ፤ እኔ ያየሁት የብዙውን መሰብሰብ ነው፣ እሷ የአንዱን መታጠፍ ታያለች።

ሐያት ታሪኩን ስጨርስ መምህሩ በሕይወት ደረሱ ወይ አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ይህን አለማወቅ ብዙ ዓመት ከብዶኛል። አንድ የማውቀው ነገር ግን አለ፤ ያ ሰው የሄደው የሞተ ነገር ተሸክሜ ኖርኩ ብሎ አይደለም። አይቶት ሄዷል። ያን ቀን አባቴ «ተነሽ» ባይለኝ ኖሮ፣ እኔ እቤቴ ተቀምጬ አለቅስ ነበር፤ ያ ሰውም ሳያየው ያንን ዳገት ይወጣ ነበር።

ኮምፒውተሩ ላይ ክሩ አሁንም በአሲዱ ውስጥ እንደተጠማዘዘ ይንቀጠቀጣል።

«እስቲ አሲዱን ቀንሺው» አልኳት።

ቀነሰችው። ክሩ ቀስ ብሎ ተፈታ፣ ተዘረጋ። ጨምሪው አልኳት። ሦስት ጊዜ አስደረግኳት፤ በሦስተኛው ላይ ሐያት ወደ ኮምፒውተሩ ሳይሆን ወደ እኔ ነበር የምታየው።